ለቼይንሶ አልኪሌት ነዳጅ መምረጥና መግዛት፦ ጎንደር ላለ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ቼይንሶ፣ ማለትም በሞተር የሚሠራ የዛፍ መቁረጫ መጋዝ፣ የያዘ ሰው ፊቱ ከማርሚታው (ከጭስ መውጫው) አንድ ክንድ ያህል ቢርቅ ነው። ጎንደር ዙሪያ ባሕር ዛፍ የሚቆርጡ ልጆች ማታ ማታ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ጉሮሯቸው ይቃጠላል፣ ምግብ ይጠላሉ። «ድካም ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጭሱ ነው። በዚህ ላይ መጋዙ ክረምቱን ተቀምጦ መስከረም ላይ አልነሳ ሲል መካኒክ ጋ ይሄዳል፤ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር በሙጫ ተደፍኖ ይገኛል። የሁለቱም ችግር ምንጭ ታንከሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ነው።

ለዚህ የተሠራ ነዳጅ አለ። አልኪሌት ይባላል። ዘይቱ ተቀላቅሎበት፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣል። ጎንደር ውስጥ እንደ ሞተር ዘይት ከየሱቁ የሚነሳ ዕቃ ስላልሆነ፣ የሚገዛው ሰው ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ በደንብ ማወቅ አለበት።

መጀመሪያ፦ ምንድን ነው?

አልኪሌት ቤንዚን ነው፤ ግን ተመርጦ የተሠራ ቤንዚን። ማጣሪያ ፋብሪካ ውስጥ አይሶቡቴን የሚባለውን ጋዝ እንደ ቡቲሊን ካሉ ሌሎች ቀላል ጋዞች ጋር በአሲድ አማካይነት ያዋህዱታል። የሚወጣው ፈሳሽ በጣም ንጹህ ነው። ድኝ የለውም ማለት ይቻላል። ኤታኖል የሚባለው አልኮልም የለውም።

ከሁሉም በላይ ግን ቤንዜን የሚባለው መርዝ የለበትም ማለት ይቻላል። በ«ዜ» የተጻፈውን ልብ በሉ፤ ከማደያ የምንቀዳው ቤንዚን ሌላ ነው፣ ቤንዜን ደግሞ በውስጡ ያለ ኬሚካል ነው። የዓለም ካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቤንዜንን ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። በአውሮፓ ሕግ የማደያ ቤንዚን እስከ 1 በመቶ ቤንዜን፣ እስከ 35 በመቶ ደግሞ አሮማቲክ የሚባሉ ተመሳሳይ ኬሚካሎች ሊኖሩት ይችላል። በስዊድን የአልኪሌት ደረጃ የቤንዜኑ ጣሪያ 0.1 በመቶ ነው።

ይህ ለመኪና ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል። ለቼይንሶ ግን ያስጨንቃል። የቼይንሶ ሞተር ባለ ሁለት ምት (ቱ-ቲ) ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር አዲሱን ነዳጅ ሲያስገባ የተቃጠለውን ጭስ በዚያው እየገፋ ያስወጣል። በዚህ መሃል ከነዳጁ እስከ ሩብ የሚደርሰው ሳይቃጠል በማርሚታው ይወጣል። ስለዚህ ቆራጩ የሚተነፍሰው ጭሱን ብቻ አይደለም፤ ጥሬውን ቤንዚንም ነው። ስዊድኖች ይህን ነዳጅ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ለደን ሠራተኞቻቸው ማቅረብ የጀመሩት ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን አይሸወዳችሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአልኪሌትም ይወጣል። በተዘጋ ቤት ወይም መጋዘን ውስጥ ሞተር ማስነሳት ያው ገዳይ ነው። እሳትም እንደማንኛውም ቤንዚን ይይዛል።

ደረጃ 1፦ ለእናንተ ያዋጣል ወይ?

ዋጋው ውድ ነው። በአውሮፓ ራሱ ከማደያ ቤንዚን ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሸጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ማጓጓዣና ቀረጥ ይጨመርበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍጆታችሁን አስሉ። 50 ሲሲ አካባቢ የሆነ መጋዝ በደንብ ሲሠራ በሰዓት በግምት 1 ሊትር ይጠጣል።

ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የሚከረክም፣ ወይም ትንሽ የባሕር ዛፍ ማሳ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ከ5 እስከ 10 ሊትር ቢበቃው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ያለ ማመንታት ያዋጣል። ከማደያ ቤንዚን የተሠራ ድብልቅ ከ30 ቀን በላይ እንዳይቀመጥ የመጋዝ አምራቾች ይመክራሉ። አልኪሌት ግን ታሽጎ እንደ አምራቹ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚተኛ መጋዝ ላላቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ካርቡሬተር ማስጠረግና ውስጡ ያለውን ጎማ ማስቀየር የሚጠይቀውን ገንዘብና የጠፋውን የሥራ ቀን ደምሩና አወዳድሩት።

በየቀኑ የሚቆርጡት ጋ ነገሩ ይከብዳል። ለጥምቀት መድረክ፣ ለግንባታ ቋሚና ለማገዶ እንጨት የሚያወርድ ቡድን በቀን 5 ሊትር ሊጨርስ ይችላል። ጭሱ ይበልጥ የሚጎዳው እነዚህን ልጆች ነው፤ ለመግዛት አቅም የሚያንሳቸውም እነሱ ናቸው። እኔ የማምነው ይህ ወጪ የቆራጩ መሆን እንደሌለበት ነው። ሥራውን የሚያሠራው ሰው እንደ ጓንትና እንደ መነጽር ቆጥሮ ዋጋው ውስጥ ሊያስገባው ይገባል። ሥራ የምትሰጡ ከሆናችሁ ይህን ስትዋዋሉ አንሱት። ሁሉንም መሸፈን ካልተቻለ ቢያንስ አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ ለሚሠራ ሥራ ይዋል፤ ለምሳሌ በግንብ በተከበበ ግቢ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ማሳ ውስጥ።

ደረጃ 2፦ የመጋዙን መመሪያ አንብቡ

የሚፈለገው አንድ ቁጥር ነው፤ የቤንዚንና የዘይት ምጣኔ። ስቲል፣ ሁስክቫርና እና የመሳሰሉት የታወቁ የመጋዝ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ 50 ለ 1 ይላሉ። ተቀላቅሎ የሚመጣው አልኪሌትም በአብዛኛው 50 ለ 1 ነው፤ ማለትም 2 በመቶ ዘይት። እዚህ ላይ ችግር የለም።

ገበያችን ላይ በርካሽ የሚገኙት የቻይና መጋዞች ግን ብዙ ጊዜ 25 ለ 1 ወይም 40 ለ 1 ይጠይቃሉ። ለእነዚህ 50 ለ 1 የሆነ ዝግጁ ነዳጅ «ዘይቱ ጥሩ ስለሆነ ይበቃል» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትስሙ። የሚሻለው ዘይት ያልገባበትን አልኪሌት ገዝቶ መመሪያው ባለው መጠን ራስ መቀላቀል ነው። ዘይት የሌለው አልኪሌት ለሣር ማጨጃና ለሌላ ባለ አራት ምት ሞተር ተብሎ ይሸጣል።

ደረጃ 3፦ ቆርቆሮውን ማንበብ

ገንዘብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ በሉ።

መጀመሪያ ነዳጅ መሆኑን አረጋግጡ። የመጋዝ ሥዕል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ሁሉ ነዳጅ አይደለም። 100 ሚሊ ወይም 1 ሊትር የሆነው ብዙ ጊዜ ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀል ቱ-ቲ ዘይት ነው፣ ወይም የሰንሰለት ዘይት። ነዳጅ ከሆነ በቀይ የተከበበ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ውስጥ የእሳት ነበልባል ይኖረዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃ ቁጥሩም 1203 ነው። ዘይት ወፈር ብሎ ይፈስሳል፤ ነዳጅ ሲነቀነቅ እንደ ውኃ ይንቦጫረቃል።

ቀጥሎ የሁለት ምት ወይም የአራት ምት መሆኑን እዩ። ቆርቆሮዎቹ በጣም ይመሳሰላሉ። ብዙ ጊዜ የሚለያቸው የቀለም መስመርና 2 ወይም 4 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ለምሳሌ አስፐን በሚባለው ብራንድ ባለ 2ቱ ዘይት አለው፣ ባለ 4ቱ የለውም። ባለ 4ቱን ሳይቀላቅሉ ቼይንሶ ውስጥ መጨመር ማለት ሞተሩን ያለ ዘይት ማሠራት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይነካከሳል፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ሞተር መቀየር ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ያወናብዳል። «ዝግጁ ድብልቅ» የተባለ ሁሉ አልኪሌት አይደለም። አንዳንዱ ኤታኖል የሌለው ተራ ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የታሸገ ነው። ለመጋዙ መጥፎ አይደለም፤ ይቆይለታል። ለሳንባችሁ ግን ከማደያው ብዙም አይለይም፤ ቤንዜኑ እዚያው ነው። ስለዚህ በላቲን ፊደል አልኪሌት የሚል ቃል ፈልጉ። «ኤታኖል የለውም» የሚለው ብቻውን አይበቃም። ጥርጣሬ ካላችሁ ሻጩን የምርቱን የደህንነት መረጃ ወረቀት ጠይቁ፤ አምራቾች በየድረ ገጻቸው ያስቀምጡታል። የይዘት ዝርዝሩ ውስጥ ከገቡት የኬሚካል መለያ ቁጥሮች መካከል 64741-66-8 ወይም 64741-64-6 ካለ አልኪሌት ነው። የስዊድኑ ደረጃ ኤስኤስ 155461 ተጽፎ ካገኛችሁ ደግሞ የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ኦክቴኑ፣ ማለትም ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ መለኪያ፣ ብዙም አያስጨንቃችሁ። ታዋቂዎቹ 95 አካባቢ ናቸው፤ መጋዝ 90 ይበቃዋል።

የመጨረሻው ቀኑ ነው። በቆርቆሮው ላይ ያለው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የኛን ዓመተ ምሕረት ለማግኘት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 8 ቀንሱ። የተመረተበት ቀን ይሁን የሚያበቃበት ለይታችሁ ጠይቁ። «2024» የሚል ቁጥር አይቶ «ገና ነው፣ እኛ እኮ እዚያ ዓመት አልደረስንም» የሚል ነጋዴ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። የታሸገ ሆኖ ዕድሜው ግማሽ ያህል የቀረውን ካገኛችሁ ግዙ፤ ያለፈበትን በርካሽም ቢሆን አትግዙ።

ደረጃ 4፦ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ የሚነሳው ሐሳብ «ውጭ ያለው ወንድሜ ይዞልኝ ይምጣ» ነው። አይሆንም። ቤንዚን በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣም በሚጫን ሻንጣም መያዝ ክልክል ነው። የታሸገ መሆኑ ልዩነት የለውም። ዘመዳችሁን ኤርፖርት ላይ ችግር ውስጥ አትክተቱት።

በሕጋዊ መንገድ የሚገባው እንደ አደገኛ ጭነት ተመዝግቦ በመርከብና በመኪና ነው። ስለዚህ መነሻችሁ የመጋዙ ብራንድ አስመጪ ወይም ወኪል ይሁን፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ስትደውሉ «የቼይንሶ ነዳጅ አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዘይት ነው የሚያሳዩዋችሁ። የምርቱን ስም ጥሩ፤ ስቲል ሞቶሚክስ፣ ሁስክቫርና ኤክስፒ ፓወር 2፣ አስፐን 2 እያላችሁ። ከሌላቸው በቀጣይ ጭነት ያመጡ እንደሆነ፣ ዝቅተኛው ትዕዛዝ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

አንድ ሰው ለ5 ሊትር ቢጠይቅ ማንም አይሰማውም። አዘዞ፣ ማራኪ፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ መጋዝ ያላቸው ሰዎች፣ የእንጨት ሥራ ማኅበራት፣ ግቢያቸው ሰፊ የሆኑ ተቋማት ተሰባስበው ቢያዝዙ ግን አስመጪው ይሰማል። ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ ስም በጽሑፍ ጠይቁ። ደረሰኝ መቀበል አትርሱ፤ ዕቃው ሐሰተኛ ቢሆን የምትይዙት ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ሲጫን ሕዝብ በሚጭን አውቶቡስ አይላክ። ቆርቆሮውን ጆንያ ውስጥ ደብቆ መላክ የሚሞክር አለ። በሰው ሕይወት መጫወት ነው። የጭነት መኪና፣ ቆሞና ታስሮ፣ ምን እንደሆነ ለሹፌሩ ተነግሮት።

ደረጃ 5፦ ስትረከቡ

ክዳኑ ላይ ያለው የማሸጊያ ቀለበት ያልተሰበረ መሆኑን እዩ። የተከፈተ ከሆነ፣ «ለመፈተሽ ነው የከፈትነው» ቢባልም፣ ተዉት። ባዶ የውጭ ቆርቆሮ ውስጥ የማደያ ቤንዚን ሞልቶ መሸጥ ቀላል ነው።

ከፍታችሁ ስትፈትሹ ሽታው ይነግራችኋል። አልኪሌት ሽታው ለስላሳ ነው፤ ያ የማደያ ቤንዚን አፍንጫ የሚወጋ ሽታ የለውም። ቀርባችሁ አታሽቱ፣ ከሩቅ በእጃችሁ አራግቡት። ቀለሙ ከዘይቱ የሚመጣ ስለሆነ በቀለም አትፍረዱ።

ደረጃ 6፦ ከአሮጌው ወደ አዲሱ መቀየር

ብዙ ሰው ነዳጁን ገልብጦ ሥራ ይጀምራል። መጋዙ አዲስ ከሆነ ችግር የለውም። ለዓመታት በማደያ ቤንዚን የሠራ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተራ ቤንዚን ውስጥ ያሉት አሮማቲኮች የጎማ ቱቦዎችንና ማሸጊያዎችን ያሳብጣሉ። አልኪሌት ሲገባ እብጠቱ ይወርድና ያረጀ ጎማ ሊሰነጠቅ ወይም ሊያፈስስ ይችላል። ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት መካኒኩ የነዳጅ ቱቦውንና ታንከር ውስጥ ያለውን ፊልትሮ ይቀይርላችሁ። ርካሽ ነው።

ከዚያ ታንከሩን ባዶ አድርጉ። ትንሽ አልኪሌት ጨምራችሁ በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጡት) አሠሩት፣ የቀረው አሮጌ ነዳጅ ይለቅ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ታንከሮች ከሥራ በኋላ ከታች እርጥበት ካለ እዩ። አንዴ ከቀየራችሁ ወዲያ ወዲህ አታድርጉ። ሁለቱ ቢደባለቁ ሞተሩ አይሞትም፤ ግን የከፈላችሁበት ጥቅም ይጠፋል።

አሁን ካርቡሬተሩ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ዝቅ ካለ ቦታ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ቆላ ላይ የተስተካከለ መጋዝ እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ይጨሳል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ጉልበት ያጣል። አልኪሌት ደግሞ ከማደያ ቤንዚን ቀለል ስለሚል በተቃራኒው ድብልቁን ትንሽ ያሳሳል። ሁለቱ በከፊል ይካካሳሉ። ቢሆንም ማስተካከል ግድ ነው። ኤም-ትሮኒክ ወይም ኦቶቱን ያላቸው መጋዞች ራሳቸው ያስተካክላሉ። ሌሎቹ ላይ ኤች የሚል ምልክት ያለበትን ብሎን መካኒኩ በዙር መለኪያ፣ በመመሪያው የተጻፈውን ከፍተኛ ዙር ሳያልፍ ያስተካክል። መለኪያ ከሌለ ወደ ብዙ ነዳጅ ያዘነበለ ይሁን። እንጨት ሳይነካ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ትንሽ ያጉረመርማል፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጠራል። እንዲያ ከሆነ ደህና ነው። እየጮኸ የሚያፏጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ወዲያው አጥፉት።

ይህን ይበልጥ የምለው ወደ መተማ ለሚወርዱ ነው። እዚያ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ጎንደር ላይ ቅንስ ተደርጎ የተስተካከለ መጋዝ መተማ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል፤ በዚያ ሙቀት ላይ ፒስተኑ ይነክሳል። ስትወርዱ ብሎኑን አስከፍቱ። ወደ ደባርቅ የምትወጡ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ መጋዙ ይጨሳል እንጂ አይሞትም።

ደረጃ 7፦ አልኪሌት እስኪገኝ

መጠበቅ አይቻልም፤ ሥራ አለ። ከማደያ ቤንዚን ጥሩ ድብልቅ መሥራትም ይቻላል። ዋናው ምንጩ ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ ምን እንደገባ ማንም አያውቅም፤ ላምባ ወይም ውኃ ሊኖረው ይችላል። ማደያዎች በጀሪካን ለመቅዳት ብዙ ጊዜ ከሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ ስለሚጠይቁ፣ ሥራ ሳይጀመር አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ሁለት ቀላል ፍተሻዎች አሉ። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ አድርጉ፤ ንጹህ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ወይም ናፍጣ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ሁለተኛው ለኤታኖል ነው። ግልጽ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ውኃ አድርጉና ከፍታውን ምልክት አድርጉበት። ቤንዚን ጨምራችሁ አናውጡ፣ ይረፍ። ከታች ያለው ውኃ ከምልክቱ በላይ ከጨመረ ኤታኖል አለ። ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ ጎማም ይበላል። አዲስ አበባ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል የነበረበት ጊዜ ስለነበር ፍተሻው ከንቱ አይደለም።

ዘይቱ ጃሶ ኤፍዲ ወይም አይሶ-ኤል-ኢጂዲ የሚል የጥራት ደረጃ የተጻፈበት ይሁን። ቲሲ-ደብልዩ3 የሚለው በውኃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ነው፤ ጎርጎራና ባሕር ዳር ላሉ ጀልባዎች ይሁን እንጂ በአየር ለሚቀዘቅዝ መጋዝ አይሆንም። የባጃጅና የመኪና ሞተር ዘይትም አይሆንም።

መጠኑን በዓይን አትገምቱ፤ ከፋርማሲ ስሪንጅ ግዙ። ለ50 ለ 1 በሊትር 20 ሚሊ፣ ለ40 ለ 1 25 ሚሊ፣ ለ25 ለ 1 40 ሚሊ ነው። ግማሹን ቤንዚን ቅዱ፣ ዘይቱን ጨምሩ፣ አናውጡ፣ ቀሪውን ሙሉና እንደገና አናውጡ። በሳምንት የምትጨርሱትን ያህል ብቻ አዘጋጁ። ቤንዚን በቱቦ በአፍ መሳብም ይቅር። ትንሽ ወደ ሳንባ ከገባ ሆስፒታል ያስተኛል፣ ይገድላልም።

ደረጃ 8፦ ማስቀመጥ

አልኪሌቱ በራሱ ቆርቆሮ ይቀመጥ፤ ጥላ ባለበት፣ አየር በሚገባበት፣ ከከሰል ምድጃና ከምጣድ ርቆ። መኝታ ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ አይደለም። ወደ ሃይላንድ አትገልብጡት፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ከተከፈተ በኋላ ክዳኑን በደንብ ግጠሙና የከፈታችሁበትን ቀን በማርከር ጻፉበት። ስቲል ለሞቶሚክስ ከተከፈተ በኋላ 2 ዓመት ይሰጣል፤ ሌሎቹ የየራሳቸው ገደብ ስላላቸው ቆርቆሮውን እዩ።

በማደያ ቤንዚን የሚሠራ መጋዝ ካላችሁም ሰኔ ላይ ታንከሩን አፍስሱና ጥቂት አልኪሌት ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ አሠሩት፤ እንደዚያው ይክረም። አንድ ሊትር ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ያቺን ሊትር ለዚህ ቢያውላት ነው የምመክረው።